ስም አውጪው ማን ነው? ስለ ዕውቀት ዘርፎች አሰያየም

ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጅባት ኮሌጅ ፓርክ ከአትላንታ በስተደቡብ፥ የአውሮፕላን ድምፅ ሌሊትና ቀን የማይለያት ትንሽ ከተማ ናት። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉት ጎዳናዎቿ ሐርቫርድ፥ ዬል፥ ፕሪንስተን፥ እያሉ በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ስም ይጠራሉ። በመካከላችን የሚነገር ቀልድ አለ። አንድ አዲስ መጪ የአገራችን ልጅ አድራሻውን ጽፎ ወደ ቤተ ሰቡ ቢልክ፥ «ሐርቫርድ» የሚለውን ቃል ያዩት ዘመዶቹ እልል ብለው በግ አረዱ ይባላል። ልጁ ግን ሐርቫርድ ጎዳና ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፥ ሌሊቱን በአውሮፕላን ጣቢያው ሻንጣ ሲጭን የሚያድር ነበር። ከተማይቱም ራሷ እ.ኤ.አ. በ1891 ማንቸስተር ተብላ ተቋቁማ፥ በ1896 ኮሌጅ ፓርክ ወደሚለው ስም የተዛወረች ናት። ለዚህ ስም ምክንያት ከሆኑት አንዱ ኮክስ የተባለው የሴቶች ኮሌጅ ነበር፤ እሱም ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ኮሌጁ ሄደ፥ ስሙ ቀረ፤ የቀረውም ስም እነሆ እስከ ዛሬ በግ ያሳርዳል።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ጥያቄ ከዚህ ቀልድ ብዙ የራቀ አይደለም። ለአንድ የዕውቀት ዘርፍ ስም ሲወጣለት፥ ሕዝቡ ስለዚያ ዘርፍ ሊያስብ የሚችለው ነገር በስሙ ምን ያህል ይወሰናል? ከዚህም አልፎ፥ ለአንድ ዕውቀት የሚያስፈራ ወይም ከሚገባው በላይ የሚያስከብር ስም መስጠት በሕዝብ ላይ የሚፈጸም በደል ሊሆን ይችላልን? ነገሩ የቋንቋ ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለእኛ ግን ጥያቄው የመጣልን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከስልክ ነው።

ከመካከላችን የአንዱ እናት በየእሑዱ ከአገር ቤት ይደውላሉ። አንድ እሑድ፥ ጎረቤት «ልጅሽ ምን ይማራል?» እያለ ሲጠይቃቸው «ሕግ ነው» ብለው እንደሚመልሱ በጨዋታ መካከል አወሩለት።

«ለምን እንደዚያ ትያለሽ እማዬ? የምማረው ፖለቲካል ሳይንስ ነው እኮ።»

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው፥ ልጄ።»

«ይሄ ሳይንስ ነው። ፖለቲካ ውስጥ መግባት ሌላ፥ ፖለቲካን ማጥናት ሌላ።»

እናቲቱ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «ወንድሜም ሳይንስ ነው ይል ነበር» አሉት። ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ ከቤት እንደ ወጡ አልተመለሱም። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ስለ ዝናቡ ተነጋገሩና ስልኩ ተዘጋ። ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን አልተዘጋችም፤ ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰብን በምንወያይባት ክፍል ውስጥ ለብዙ ሳምንታት አከራከረችን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ፍሬ ነው፤ ስለሆነም ያልተቋጨ ነገር ቢገኝበት አንባብያን አይፍረዱብን።

ያገራችን ሰው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል። ለሰው ልጅ ስም ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። የዕውቀት ዘርፍን ስም ግን መልአክ አያወጣውም። የሚያወጣው ሚኒስቴር ነው፥ አካዳሚ ነው፥ ፓርቲ ነው፥ አንዳንዴም የምርምር ገንዘብ ለመጠየቅ ማመልከቻ የሚጽፍ ፕሮፌሰር ነው። አንዳንዱን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ያወጣዋል፤ ሕዝብ የሚያወጣው ስም ሁልጊዜ ርኅሩኅ ነው ማለት ግን አይደለም።

ለዚህ የጠቢብን ነገር መመልከት ይበቃል። በግዕዝ ጠቢብ ማለት ዐዋቂ ማለት ነው፤ ሰሎሞን ጠቢብ ይባላል። ከዚሁ ሥር እንደ ወጣ የሚታመነው «ጠይብ» የሚለው የአማርኛ ቃል ግን ብረት ቀጥቅጦ ማረሻና ማጭድ ለሚያወጣው ሰው፥ ሸክላ ለምትሠራዋም ሴት የተሰጠ ስም ሆነና ከ«ቡዳ» ጋር ተቆራኘ። ገበሬው ያለ ማረሻ አንድ ክረምት አያልፍም ነበር፤ ማረሻውን ከሚሠራለት ሰው ጋር ግን ማዕድ አይቆርስም ነበር። ዕውቀቱ ያው አንድ ዕውቀት ሆኖ ሳለ፥ በቤተ ክህነት ሲነገር ክብር፥ በምድጃ አጠገብ ሲነገር እርግማን ሆነ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውን፥ ጸሐፊውን፥ ቆዳ ፋቂውን ሕዝቡ በምን በምን ስም እንደሚያዋርድ አዋጁ ራሱ ይዘረዝራል። አንድ ንጉሠ ነገሥት የስድብ ዝርዝር በዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስም አገርን ያለ መሣሪያ ሊያስቀር እንደሚችል ስለ ተረዱ ነበር። ስድቡ ግን በአዋጅ አልቆመም።

ዛሬ ያ ነገር አልፏል የሚል ካለ፥ «ኢንጂነር» እና «ቴክኒክና ሙያ» የሚሉትን ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ያስቀምጥ። አንዱ ከሰው ስም በፊት እንደ ማዕረግ ይቀመጣል። ሁለተኛው ግን በቅርብ ዓመታት የአሥረኛ ክፍል ፈተና ነጥብ ያልመጣላቸው ልጆች የሚላኩበት ቦታ ስም ሆኖ ስለ ቆየ፥ ወላጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው። ሙያ የሚለው ቃል በአማርኛ ምን ያህል የተከበረ ቃል ነበር! ባለሙያ ማለት እኮ ምስጋና ነው። ከፈተና ውጤት ጋር ቢያያዝ ጊዜ ሐፍረት ያዘለ ስም ሆነ።

ሌላው ልናነሣው የሚገባን «ሥነ» የሚለው ቅጽል ነው። በአማርኛ የዕውቀት ዘርፎችን ለመሰየም የሞከሩ ሊቃውንት፥ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ባለሙያዎች፥ ይህን ቃል በብዛት ተገልግለውበታል፤ ሥነ ሕይወት፥ ሥነ ልቡና፥ ሥነ ምድር፥ ሥነ ፈለክ፥ ሥነ ቋንቋ። የድካማቸውን ዋጋ አናሳንስም፤ በራሱ ቋንቋ ሳይንስን መጥራት የማይችል ሕዝብ ሳይንስን እንደ ባዕድ ንብረት ማየቱ አይቀርም። ነገር ግን «ሥን» በግዕዝ ውበት ማለት ነው፤ «ሠናይ» መልካም ማለት ነው። ቃሉ ምድርን ወይም ሕይወትን ሲቀድም ጉዳት የለበትም፤ ምድርም ሕይወትም ውብ ናቸው። ሰውና መንግሥት ላይ ሲደርስ ግን ጠባዩ ይለወጣል። «ሥነ ምግባር» ስንል ስለ መልካምና ክፉ የሚመረምር የፍልስፍና ዘርፍ ማለታችን ነው ወይስ አርፎ መቀመጥ? በዕለት ንግግራችን «ሥነ ምግባር የለውም» የምንለው ልጅ ስለ በጎና ክፉ ያልመረመረውን አይደለም፤ ታላቁን ያልታዘዘውን ነው። የኛንም ዘርፍ «ሥነ መንግሥት» ያሉት አሉ። ቃል በቃል ቢፈታ የመንግሥት ውበት ይሆናል። የእናቲቱ ወንድም ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ነውና። አገራችን ዜጋው ስለ መንግሥትና ስለ ኅብረተሰብ እንዲማር የመደበችው ትምህርት በየሥርዓቱ ስሙን ሲለዋውጥ ኖሯል። በንጉሡ ዘመን «ግብረ ገብ» ይባል ነበር፤ ታማኝነትን፥ ትሕትናን፥ ታላቅን ማክበርን ያስተምራል። በደርግ ዘመን «የፖለቲካ ትምህርት» ሆነ፤ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እስከ ቀበሌው የውይይት ክበብ ድረስ ወረደ፤ ለካድሬውም የካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት ተከፈተለት። ከኢሕአዴግ መግባት በኋላ «ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር» ተባለ፤ ተማሪው ግን «ሲቪክ» ብሎ አሳጠረው። በቅርቡ በወጣው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ለትንንሾቹ ልጆች «ግብረ ገብ» የሚለው ስም ተመልሶ መጥቷል፤ ለታላላቆቹ «የዜግነት ትምህርት» ተብሏል። ስሞቹን ብቻ እንኳ ብናይ አንድ ነገር ይገለጥልናል። ዜጋው በአንደኛው ስም ምግባሩ የሚቃና ልጅ ነው፤ በሁለተኛው የሚነቃ ጭቁን ነው፤ በሦስተኛው ውበት የሚጨመርለት ዜጋ ነው። መንግሥት ምን እንደሚሠራ፥ ለምን እንደሚሠራ፥ ማን እንደሚጠቀም የሚጠይቅ መርማሪ ሆኖ የተጠራበት ስም የለም። ዘርፉ በሁሉም ዘመን የሚያመለክተው ወደ ተማሪው እንጂ ወደ መንግሥት አይደለም። ሰፊው ሕዝብ ስለ ፖለቲካ ማጥናት ሲነገረው ወይ ተግሣጽ ወይ አደጋ ብቻ ቢታየው፥ ጥፋቱ የሕዝቡ ነውን?

ከዚህ ይልቅ የከበደው ግን «ሳይንሳዊ» የሚለው ቃል ታሪክ ነው። ደርግ ታኅሣሥ 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ያወጀው «ኅብረተሰብአዊነት» ይባል ነበር። ቃሉ ያገር ቃል ነው፤ ገበሬው «ኅብረት» የሚለውን ሰምቶ በዕድርና በወንፈል ሊተረጉመው ይችል ነበር፤ ተርጉሞም ሊከራከርበት፥ «እንዲህማ አይደለም ኅብረት» ሊል ይችል ነበር። በሚያዝያ 1968 የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ሲወጣ ግን ይህ ቃል ወደ ኋላ ቀርቶ ቦታውን «ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም» ያዘው። በዚህ ረገድ ደርግን ብቻ መውቀስ ታሪክን ማጣመም ይሆናል። ቃሉን ከውጭ ያመጡት፥ በአውሮፓና በአሜሪካ በተበተኑ የተማሪ ማኅበራት መጽሔቶች ላይ ያሰለጠኑት፥ እንደ እኛ በጠባብ ክፍል ተሰብስበው እስከ ንጋት የሚከራከሩ ወጣቶች ነበሩ። ቅንነታቸውን የምንጠራጠርበት ምክንያት የለንም። «ሳይንሳዊ» የሚለው ስም ግን ከቅንነታቸው የበረታ ጉልበት ነበረው። ሐሳብ ከሆነ ተሳስቷል ይባላል፤ ሳይንስ ከሆነ ግን የተሳሳተው የሚቃወመው ነው። ተቃዋሚው ሌላ አስተያየት ያለው ሰው መሆኑ ቀርቶ «አድኃሪ»፥ «በራዥ»፥ «ፀረ ሕዝብ» ሆነ። በሁለትና በሁለት አራትነት ላይ ድምፅ አይሰጥምና፥ ድምፅ መስጠትም አላስፈለገም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተሞቻችን የተፋሰሱት ወገኖች ሁሉም ሳይንሱ ከእኛ ጋር ነው ይሉ እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም። ያን ሁሉ ደም ያፈሰሰው አንድ ቅጽል ነው ማለታችን አይደለም፤ ሥልጣንና ጥይት ነበሩ። ቅጽሉ ግን ጥርጣሬን ከክፍሉ አስወጥቶ በሩን ዘግቷል። እናቲቱ በስልክ የነገሩን ይህንኑ ነው።

የሚደንቀው፥ ያው ቃል በዚህ በምንኖርበት አገር ተቃራኒ ጉዞ ማድረጉ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ1950 ሲቋቋም ሕጉ ሒሳብን፥ ፊዚካዊ፥ ሕክምናዊና ባዮሎጂያዊ ሳይንሶችን፥ ምሕንድስናንም በስም ጠርቶ፥ የኅብረተሰብ ጥናትን «ሌሎች ሳይንሶች» በሚለው ሐረግ ሥር ሸሽጎ አለፈው። «ሶሻል» የሚለው ቃል በሕግ አውጪዎቹ ጆሮ «ሶሻሊዝም» መስሎ ይሰማ ስለ ነበር፥ ብዙ ምሁራን ሥራቸውን «የባሕርይ ሳይንስ» ብለው መጥራት መረጡ፤ ፎርድ ፋውንዴሽንም በዚሁ ስም ፕሮግራም ከፈተ። እዚህ አገር የኅብረተሰብ ሳይንስ ከሶሻሊዝም ለመሸሽ ስሙን ቀየረ፤ እኛ አገር ሶሻሊዝም ለመከበር «ሳይንስ» የሚለውን ደረበ። ስለ ገዛ ዘርፋችንም ቢሆን ስምምነት የለም። ከላይ የጠቀስናቸው ጎዳናዎች ባለ ስሞች እንኳ አንድ አይደሉም። በዬል ክፍሉ ፖለቲካል ሳይንስ ይባላል፤ በፕሪንስተን ፖለቲክስ፥ በሐርቫርድ ጋቨርንመንት። እናቲቱ «መንግሥት ነው የሚማረው» ብለው ቢሆን ኖሮ ጎረቤቱ ምን ይል ነበር?

ስለ አትላንታ ከተነሣ ስለ ዱ ቦይስ ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1897 ወደ አትላንታ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ እስከ 1910 ሲያስተምር በየዓመቱ የጥቁሮችን ኑሮ በቁጥርና በመስክ ጥናት ይመረምር ነበር፤ ስለ ንግድ፥ ስለ ቤተ ክርስቲያን፥ በ1902 ደግሞ ስለ ጥቁር የእጅ ባለሙያ፥ ማለትም ስለ ራሳቸው ጠይቦች። እሱ ሥራውን ሶሲዮሎጂ ይለዋል። ሌላው ግን «የኔግሮ ጥናት» አለው። ስሙ ሲጠብ ዕውቀቱም አብሮ ጠበበ፤ ስለ ሰው ልጅ ኅብረተሰብ የተባለ ሳይሆን ስለ አንድ ወገን የቀረበ አቤቱታ ተደርጎ ተቆጠረ። የአሜሪካ ሶሲዮሎጂ መሥራች የመባሉ ክብር ለቺካጎ ሄደ። አልዶን ሞሪስ የተባለ ምሁር ይህን ታሪክ ለማቃናት መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ዱ ቦይስ ራሱ ግን ስለ «ሳይንስ» ስም አንድ መራራ ትምህርት ያገኘው ከዚያ በፊት ነበር። በሚያዝያ 1899 እ.ኤ.አ. ሳም ሆዝ የተባለ ጥቁር ሠራተኛ ከአትላንታ በስተደቡብ ምዕራብ በኒውናን አጠገብ በሕዝብ ፊት ተቃጥሎ ተገደለ። ትርኢቱን ለማየት ከአትላንታ ልዩ ባቡር ተዘጋጅቶ ነበር፤ መሥመሩም በዚህች በኮሌጅ ፓርክ በኩል የሚያልፈው ነው። ዱ ቦይስ በጥሞና የተጻፈ፥ ማስረጃ የተመላ ጽሑፍ ይዞ ወደ ጋዜጣ ቢሮ ሲሄድ፥ የሟቹ የጣት አንጓዎች በአንድ ሱቅ መስኮት ለእይታ መቀመጣቸውን ሰማና ከመንገድ ተመለሰ። ሰዎች እንዲህ እየተገደሉ ረጋ ብሎ በገለልተኝነት የሚቀመጥ የሳይንስ ሰው መሆን እንደማይቻል ያን ጊዜ እንደ ተረዳ በኋላ ጽፏል። ይህን ታሪክ ያነሣነው ለሁለት ነገር ነው። የኛ ሰዎች «ሳይንስ» የሚለው ስም ሲሰጣቸው መጠራጠር አቆሙ፤ ዱ ቦይስ ስሙ ተነፍጎት ሳለ መቁጠርንና መመርመርን አልተወም፤ ከዚያ ቀን በኋላ እንኳ የአትላንታ ጥናቶቹ ቀጥለዋል።

በአገራችን የመጨረሻው ምዕራፍ «ናቹራል» እና «ሶሻል» ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲያ መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፥ 30 በመቶው በኅብረተሰብ ሳይንስ እንዲመደቡ ፖሊሲ አወጣ። የ11ኛ ክፍል ልጅ ከሁለቱ አንዱን ሲመርጥ ሙሉ ስሙን አይጠራም፤ «ናቹራል ነኝ»፥ «ሶሻል ነኝ» ይላል። «ሳይንስ» የሚለው ቃል ከሁለቱም ስሞች እኩል ቢቆረጥም፥ በሰው ልብ ውስጥ ግን ከ«ሶሻል» ብቻ ነው የተቆረጠው። ከእኛ ብዙዎቻችን ሶሻል ነበርን፤ «ነጥብ አልመጣልህም?» የሚለውን ጥያቄ እናውቀዋለን።

በውይይታችን ላይ አንድ ወንድማችን ከባድ ተቃውሞ አንሥቶ ነበር። ስም ያን ያህል ኃይል ካለው፥ ለምን አንድ ተቋም ስሙን ደጋግሞ ቀይሮ ሥራው ሳይናወጥ ይኖራል? አለ። ማስረጃውም እዚሁ አትላንታ የሚገኘው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ነበር። በጦርነቱ ዘመን የወባ መከላከያ ጽሕፈት ቤት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1946 የተላላፊ በሽታዎች ማዕከል፥ በ1970 የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሆነ፤ በ1992 «መከላከል» የሚለው ተጨመረበት፤ ምኅጻሩ ግን ያው ሲዲሲ እንደ ሆነ ቀረ። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የረታንም መስሎት ነበር። መልሳችን ይህ ነው፤ የወባን ሥራ ሕዝቡ በስሙ አይደለም የሚዳኘው፤ ልጁ ሲያተኩሰው ወይም ሲተወው ያየዋል። የኛን ዘርፍ ግን ሕዝቡ የሚያየው ዐይን የለውም፤ ስሙን ብቻ ነው የሚሰማው። ውጤቱ በዐይን የማይታይ ዕውቀት በስሙ ይታመናል ወይም በስሙ ይፈራል። ስለሆነም «ሳይንስ» የሚለውን ስም የሚወስድ ሰው ከስሙ ጋር አንድ ዕዳ አብሮ ይወስዳል፤ ይኸውም ተራው ሰው መጥቶ «ተሳስተሃል» የሚልበትን በር ክፍት ማድረግ ነው። በሩን ለመክፈት ፈቃድ የሌለው ስሙን ቢተው ይሻላል። ተቃዋሚያችን በዚህ በከፊል ተስማምቷል፤ በከፊል አሁንም አልተስማማም።

ወዳጃችን በሌላ እሑድ ለእናቱ እንደ ገና ለማስረዳት ሞከረ። በዚህ ጊዜ የዘርፉን ስም አልጠራም፤ የሚሠራውን ብቻ ነገራቸው። የድሮ የቀበሌ ቃለ ጉባኤዎችን እያነበበ፥ በድርቅ ጊዜ እህል ሲከፋፈል ማን ተናገረ፥ ማን ዝም አለ፥ ምን ተወሰነ፥ ማንስ ቀድሞ አገኘ እያለ ይመዘግባል።

«ታዲያ ይሄ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሥራ አይደለም እንዴ?» አሉት።

«ይመስላል እማዬ።»

«ታዲያ እንደዚያ አትለኝም!»

አሁን ለጎረቤት የሚሉት «ጸሐፊ ሊሆን ነው» ነው። ከእኛ ግማሾቹ ሊያርማቸው ይገባል አልን፤ ግማሾቹ ደግሞ ለዘርፉ እስካሁን ከወጡለት ስሞች ሁሉ ወደ እውነቱ የቀረበው ይህ ነው አልን። ወዳጃችን እስካሁን አላረማቸውም።